ከሙታን መካከል ስለ መትረፍ

ሰው የሚወደውን ሲናገር ሊያታልል ይችላል፤ የሚፈራውን ሲናገር ግን ሳያውቀው ልቡን ይገልጣል። ስለዚህ የአንድን ዘመን ሰዎች ጠባይ ለመመርመር የሚፈልግ ሰው፣ የነገሥታቱን ዜናና የጦርነቱን ወሬ ብቻ ሳይሆን፣ ሕዝቡ በምሽት ተሰብስቦ የሚያወራውን የሚያስፈራ ተረት ጭምር መመልከት ይገባዋል። እኔም በዚህ ምክንያት፣ ብዙ አዋቂዎች የልጆች ጨዋታ ነው እያሉ የሚንቁትን አንድ ዓይነት ተረት መርጬ፣ ከየት እንደ ተነሣና ምን እንደሚያስተምር ጥቂት ለመጻፍ አሰብሁ። ይኸውም ዞምቢ ስለሚባለው የሚንቀሳቀስ ሬሳ የሚነገረው ተረት ነው።

ተረቱ ዛሬ በፊልምም በመጽሐፍም በዓለም ሁሉ ተሰራጭቷል። ሙታን ይነሡና ያለ አሳብና ያለ ንግግር ይሄዳሉ፤ ሕያዋንን ይነክሳሉ፤ የተነከሰውም ሞቶ እንደ እነርሱ ይሆናል። ከተማ ይፈርሳል፤ መንግሥት ይበተናል፤ ጥቂት ሰዎች በአንድ ቤት ውስጥ ተዘግተው ነፍሳቸውን ለማዳን ይታገላሉ። ተመልካቹም ሁሉ «ማን ይተርፍ ይሆን?» እያለ በጭንቀት ይጠባበቃል። እኔ ግን ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ጥያቄ አለ እላለሁ፤ «የተረፈውስ ምን ሆኖ ተረፈ?» የሚል። ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ከዚህ ቀጥሎ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የዞምቢ ነገር የተወለደው በሲኒማ ቤት አይደለም። የተወለደው በካሪብ ባሕር ውስጥ ባለችው በሃይቲ ነው። ሃይቲ በፈረንሳዮች እጅ ሳለች ሴን ዶመንግ ትባል ነበር፤ በስኳርና በቡናም ከቅኝ አገሮች ሁሉ እጅግ የበለጸገች ነበረች። ብልጽግናው ግን የተገኘው ከአፍሪካ በግድ ተግዘው በመጡ ባሮች ላብና ደም ነው። በ1789 ገደማ በዚያች አገር ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ባሮች ሲኖሩ፣ ነጮቹ ከ40 ሺህ አይበልጡም ነበር። በመከር ጊዜ የሸንኮራ አገዳው መጭመቂያ ሌሊትም ቀንም አይቆምም፤ ከመርከብ ከወረዱት ባሮችም ብዙዎቹ በጥቂት ዓመት ውስጥ በድካምና በበሽታ ያልቁ ነበር። ጌቶቹም የደከመውን ከማሳረፍ ይልቅ በሞተው ፈንታ ሌላ መግዛትን ይመርጡ ነበር።

ለእነዚያ ባሮች ከቀራቸው ተስፋ አንዱ ሞት ነበር፤ የሞተ ሰው ነፍሱ ባሕሩን ተሻግራ ወደ አባቶቹ አገር ወደ አፍሪካ ትመለሳለች ብለው ያምኑ ነበርና። የዞምቢ ፍርሃት የተነሣው ይህን ተስፋ ለመስበር እንደ መጣ ጠላት ሆኖ ነው። ቦኮር የሚባለው ጠንቋይ ሙቱን ከመቃብር አስነሥቶ፣ ፈቃዱን ነጥቆ፣ በእርሻ ላይ ያለ ደመወዝና ያለ ዕረፍት ያሠራዋል ይባል ነበር። እንግዲህ ልብ እንበል፤ የሃይቲ ሰው የፈራው ዞምቢው መጥቶ እንዳይበላው አልነበረም። የፈራው እርሱ ራሱ ዞምቢ እንዳይሆን ነው። ባርነትን በሥጋው የቀመሰ ሕዝብ፣ ከሞት የሚብስ ነገር ምን እንደ ሆነ ቢጠየቅ፣ ሞትም የማይፈታው ባርነት ነው ብሎ መለሰ።

ይህ ሕዝብ በነሐሴ 1791 በጌቶቹ ላይ ተነሣ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ ተዋግቶ፣ ናፖሊዮን የላከውንም ጦር ድል አድርጎ፣ ጥር 1 ቀን 1804 ነፃነቱን አወጀ። ፈቃድ የላቸውም የተባሉት ሰዎች ፈቃዳቸውን ለዓለም አሳዩ። ዳሩ ግን በ1825 የፈረንሳይ መንግሥት የጦር መርከቦቹን አቅርቦ፣ ለቀድሞዎቹ ባለርስቶች ካሣ ይሆን ዘንድ 150 ሚሊዮን ፍራንክ እንዲከፈለው አስገደደ። ዕዳው በኋላ ወደ 90 ሚሊዮን ቢቀነስም፣ ነፃ የወጣው ሰው የራሱን ነፃነት ዋጋ ሲከፍል ብዙ ዘመን ኖረ።

በ1915 ደግሞ የአሜሪካ ወታደሮች በሃይቲ ሰፈሩ፤ እስከ 1934ም አልወጡም። መንገድ ለመሥራት ተብሎ ገበሬው በግዳጅ ሥራ ተያዘ፤ አንዳንዱም በገመድ ታስሮ ወደ ሥራው ይነዳ ነበር። ዞምቢ የሚለው ስም በአሜሪካ ሕዝብ ዘንድ በሰፊው የታወቀው በዚህ ጊዜ ነው። ዊልያም ሲብሩክ የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፊ ስለ ሃይቲ በጻፈውና በ1929 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከአገሩ ሰው ሰማሁት ያለውን አንድ ታሪክ አስገባ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ዞምቢ የሆኑ ሠራተኞችን ሰብስቦ የአሜሪካኖች ለሆነ የስኳር ኩባንያ አገዳ ያስቈርጣቸው ነበር፤ ደመወዛቸውንም እርሱ ይቀበላል። ዞምቢ ጨው መቅመስ የለበትም ተብሎ ስለሚታመን ምግባቸው አልጫ ነበር። አንድ ቀን የሰውዬው ሚስት አዘነችላቸውና በበዓል ቀን ጣፋጭ ገዝታ አበላቻቸው፤ በጣፋጩም ውስጥ ያለው ፍሬ ጨው እንደ ነካው አላወቀችም። በቀመሱት ጊዜ መሞታቸውን ዐወቁ። እየጮኹም ወደ ተራራው መንደራቸው ጉዞ ጀመሩ፤ ዘመዶቻቸው ሊያቅፏቸው ቢወጡ ዝም ብለው ዐልፈው፣ መቃብራቸውን በእጃቸው ቈፍረው በዚያው ወደቁ።

ይህ በእርግጥ ተረት ነው። ነገር ግን ለእኛ ስለ ጨው መንገር አያስፈልግም። አባቶቻችን «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ብለዋል። በሃይቲውም ተረት ጨው የተመሰለው ራስን ለማወቅ ነው። ያን ያህል ዘመን የተገዙት ሰዎች ነፃ የወጡት በጠመንጃ አልነበረም፤ አንዲት ሴት ስላዘነችላቸውና እነርሱም ማን እንደ ሆኑ ስላስታወሱ ነው።

በ1932 «ነጭ ዞምቢ» የሚባለው ፊልም በአሜሪካ ወጣ። በውስጡ አንድ የስኳር ፋብሪካ ይታያል፤ ሙታኑ መጭመቂያውን እየገፉ ያዞራሉ፤ አንዱ ተንሸራትቶ ከመፍጫው ውስጥ ሲወድቅ ሌሎቹ ዞር ብለው ሳያዩ መግፋታቸውን ይቀጥላሉ። ፊልሙ ይህን ያህል እውነት ካሳየ በኋላ ግን የተመልካቹን ኀዘን ወደ ሌላ ይመራዋል፤ እንድናዝን የሚፈልገው ለነዚያ ወዛደሮች ሳይሆን ዞምቢ ለሆነችው ለአንዲት ነጭ ሙሽራ ነው። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ዞምቢው ቀስ በቀስ የሚታዘንለት መሆኑ ቀርቶ የሚፈራ ብቻ ሆነ።

የሃይቲ ሰዎች ግን የተገፋን መለየት አልረሱም። በ1935 ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ፣ የሃይቲው መልእክተኛ ጄኔራል አልፍሬድ ኔሙር በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው፣ ዛሬ በኢትዮጵያ ላይ የሚደርሰው ነገ በሌላው ላይ እንደሚደርስ አስጠንቅቀው ተሟግተውልናል። ታላላቆቹ መንግሥታት ኢትዮጵያን እንዳለቀላት በቈጠሩበት ሰዓት፣ ይህን የተናገረው የትንሽ አገር ሰው ነበር።

ተረቱ ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ሪቻርድ ማተሰን የተባለ አሜሪካዊ ደራሲ በ1954 ባሳተመው ልብ ወለድ፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ ብቻውን ስለ ተረፈ አንድ ሰው ጻፈ። ሌላው ሕዝብ ሁሉ በተላላፊ በሽታ ደም መጣጭ ሆኗል። ሰውዬው ሌሊት ቤቱን ዘግቶ ይቀመጣል፤ ቀን እየዞረ የተኙትን ይገድላል። በመጨረሻ የሚረዳው ነገር ግን የሚያስደነግጥ ነው፤ ከበሽተኞቹ መካከል በመድኃኒት ራሳቸውን ገዝተው አዲስ ማኅበር ያቆሙ ነበሩ፤ እርሱም ያለ ልዩነት ሲገድል ከነዚህ ብዙዎቹን ገድሏል። ለእነርሱ በሌሊት የሚያስፈራው ጭራቅ እርሱ ሆኖ ተገኘ።

ጆርጅ ሮሜሮ ከዚህ መጽሐፍ አሳብ ቀስሞ በ1968 «የሕያዋን ሙታን ሌሊት» የተባለውን ፊልም አወጣ። በፊልሙ ውስጥ ዞምቢ የሚለው ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አይነገርም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ለተሠሩት ሁሉ አባት የሆነው ይህ ነው። በፔንሲልቬንያ ገጠር፣ በአንድ የገበሬ ቤት ውስጥ ሰባት ሰዎች ይገናኛሉ። ውጭ ያሉት ሙታን ዘገምተኞች ናቸው፤ አያስቡም፤ እሳትም ይፈራሉ። ሰባቱ ተስማምተው ቢሆን ኖሮ ማደር አያቅታቸውም ነበር። ሆኖም ቤን የተባለው ጥቁር ሰው መስኮቱን በሳንቃ ዘግተን ከላይ እንጠብቅ ሲል፣ ሃሪ ኩፐር የተባለው ነጭ ደግሞ ምድር ቤት ገብተን በሩን እንቈልፍ ይላል። ክርክሩ ስለ ብልሃት መሆኑ ቀርቶ ማን ይዘዝ የሚል ሆነ። ቤን ከውጭ ሲመለስ ኩፐር በር ሊከፍትለት አልፈቀደም፤ በኋላም ጠመንጃውን ሊቀማው ሲል ቤን ተኰሰበት። ወጣቶቹ ባልና ሚስት መሳይ ጓደኛሞች ቤንዚን ሊቀዱ ወጥተው በመኪናቸው ውስጥ ተቃጠሉ። የኩፐር ሚስት በገዛ ልጇ እጅ ሞተች። ስድስቱ አለቁ።

ፊልሙን ባየሁት ቍጥር የሚያስደንቀኝ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ቤን በመጨረሻ ብቻውን ገብቶ ሌሊቱን ያሳለፈው ያን ሲነቅፈው በነበረው ምድር ቤት ነው። ምክሩ መልካም ሆኖ ሳለ የመካሪውን ጠባይ በመጥላት ብቻ ተንቆ ነበር። ሲነጋ የሸሪፉ ሰዎች ሙታኑን እያደኑ ደረሱ። ቤን የሰው ድምፅ ሰምቶ ወደ መስኮቱ ቀረበ፤ እነርሱም ማን እንደ ሆነ ሳይጠይቁ ከሩቅ ግንባሩን መቱት። ከዚያም በሥጋ ሜንጦ ጎትተው ከሬሳዎቹ ጋር አቃጠሉት። ከሙታን የተረፈውን ሰው ሕያዋን ገደሉት። ፊልሙ ለሕዝብ የታየው ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተገደሉ ከጥቂት ወራት በኋላ ነበርና፣ ይህን መጨረሻ ያየ አሜሪካዊ ትርጓሜ አላስፈለገውም።

ሮሜሮ በ1978 ባወጣው ሌላ ፊልም ደግሞ አራት ሰዎች በአንድ ታላቅ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ይደበቃሉ። የሚበሉትም የሚለብሱትም ሞልቶ ተርፏል፤ ነገር ግን ያን ሁሉ ዕቃ ይዘው ደስታ አጡ። ሙታኑም በሕይወት ሳሉ የለመዱት ስፍራ ስለ ሆነ ወደዚያው ይጐርፋሉ። በመጨረሻ ወንበዴዎች በሞተር ብስክሌት መጥተው አዳራሹን ሲሰብሩ፣ ከአራቱ አንዱ ንብረቱ የእኛ ነው ብሎ መተኰስ ጀመረ፤ በዚያም ጠንቅ ሞተ። ሸሽተው ቢሆን ይድኑ ነበር፤ የሌላ ሰው ሸቀጥ አስቀራቸው።

እንዲህ ያለ ተረት ምን ይጠቅማል የሚል ሰው አይጠፋም። በ2011 የአሜሪካ የበሽታ መቈጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ሕዝቡን ለአውሎ ነፋስና ለወረርሽኝ ለማዘጋጀት ሲል፣ የዞምቢን ተረት ምሳሌ አድርጎ ምክር አውጥቶ ነበር። ምክሩ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን አራት ሊትር ያህል ውኃ፣ የማይበላሽ ምግብ፣ መድኃኒት፣ ሬዲዮና አስፈላጊ ወረቀቶች አዘጋጁ፤ ቤተሰብ ቢለያይ የሚገናኝበትን ስፍራ አስቀድማችሁ ተስማሙ የሚል ነው። ጠመንጃ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። የኮሮና ወረርሽኝ በ2020 ዓለምን ሲያናውጥም፣ እንዲህ ያሉ ፊልሞችን የሚወዱ ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ ተዘጋጅተው እንደ ነበር ራሳቸው መናገራቸውን በ2021 የታተመ አንድ ጥናት ገልጧል። መከራን አስቀድሞ በአሳብ ማየት ልብን ያጸናልና።

ነገር ግን ከዝግጅቱ ጋር አንድ መርዝ አብሮ እንዳይገባ መጠንቀቅ ይገባል። እነዚህን ተረቶች በደንብ ያልተመለከተ ሰው፣ ውጭ ያለው ሁሉ ሙት ነው፤ በር ዘግቼ የቀረበውን ልምታ የሚል ትምህርት ይዞ ይወጣል። በታሪክ የተሠሩት ታላላቅ ግፎች ሁሉ የተጀመሩት በዚህ አሳብ ነው። ባሪያ ሻጩ ሰውን የገዛው አስቀድሞ ሰው አይደለም ብሎ ነው። ወራሪም የሰውን አገር የሚገባው ሕዝቡ ፈቃድና አእምሮ የለውም ብሎ ነው። ባልንጀራውን በሕይወት ሳለ እንደ ሬሳ የሚቈጥር ሰው ለመግደል ሩቅ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ሰው ሌሊቱን ቢያድርም መትረፉ የሥጋ ብቻ ነው።

ስለዚህ አንባቢዬ ሆይ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ፣ ራብም ቢሆን ወረርሽኝም ቢሆን ጦርነትም ቢሆን፣ ውኃህንና እህልህን አስቀድመህ አሰናዳ፤ ከቤተሰብህና ከጎረቤትህ ጋር ተመካከር፤ የማትወደው ሰው የሚናገረውንም ቃሉን ከጠባዩ ለይተህ ስማ። በርህን መዝጋት ግድ ቢሆንብህም፣ ከውጭ የሚያንኳኳውን ማን ነህ ብለህ ሳትጠይቅ አትፍረድበት። ያች የሃይቲ ሴት ለነዚያ ለተገዙት ሰዎች ያበላቻቸው አንዲት ቁራሽ ጣፋጭ ብቻ ነበር፤ ባልዋ በአጠገባቸው ሲውል ሲያድር አንድ ቀን እንኳ ሰዎች እንደ ነበሩ አላሰበም።