ባትሪና ፈረቃ፦ የሊኑክስ ላፕቶፕ ታሪክ ከሀዋሳ አንጻር

በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውኃ በመቀነሱ በመላ አገሪቱ መብራት በፈረቃ እንዲሆን ሲወሰን፣ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ለሆነችው ሀዋሳ የላፕቶፕ ባትሪ አያያዝ የዕለት ኑሮ ጉዳይ ሆነ። ፈረቃው ግን ለከተማዋ አዲስ አልነበረም፤ በ2001 ዓ.ም. አገሪቱ ተመሳሳይ እጥረት አሳልፋለች። እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ ግን፣ የምንጭ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነው ሊኑክስ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም በባትሪ አጠቃቀም ረገድ ብዙ ርቀት ተጉዟል።

ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲጀመር ለጠረጴዛ ኮምፒውተር የተጻፈ በመሆኑ ባትሪ አላሳሰበውም። በቀጣዩ ዓመት ኢንቴልና ማይክሮሶፍት ያወጡት ኤ.ፒ.ኤም. የተሰኘው ደንብ የኃይል ቁጥጥሩን ለባዮስ፣ ማለትም አምራቹ በማሽኑ ውስጥ ዘግቶ ለሚያስቀምጠው መሠረታዊ ፕሮግራም ሰጥቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ኤ.ሲ.ፒ.አይ. ግን ውሳኔውን ወደ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አዛወረው። በሊኑክስ ዘንድ ይህ ማለት ተጠቃሚው ራሱ ውሳኔውን ማየትና መለወጥ ይችላል ማለት ነው፤ ምንም እንኳ ብዙ አምራቾች ማሽናቸውን በዊንዶውስ ብቻ ይፈትኑ ስለነበር፣ ክዳኑ ተዘግቶ ያንቀላፋ ላፕቶፕ ሳይነቃ የሚቀርበት ጊዜ ለዓመታት ባይጠፋም።

ከሁሉ የላቀው ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። እስከዚያ ድረስ ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ምንም ሥራ ባይኖርም ፕሮሰሰሩን በሴኮንድ ከ100 እስከ 1,000 ጊዜ ይቀሰቅሰው ስለነበር፣ ማሽኑ ሥራ ፈትቶ እንኳ ባትሪ ይበላ ነበር። 2.6.21 የተባለው እትም ይህን የማያቋርጥ ቅስቀሳ ሲያስቀር፣ ኢንቴል በዚያው ዓመት ያወጣው ፓወርቶፕ ደግሞ ዕረፍት የሚነሣው የትኛው ፕሮግራም እንደሆነ፣ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚቀሰቅስ ጭምር በዝርዝር አሳየ፤ ጥፋቱ በግልጽ የታየበት ፕሮግራምም ለመታረም በቃ።

በዚሁ ዓመት በብዛት መመረት የጀመረውና ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች 5,000 ያህል የገባው ኤክስኦ የተባለው የልጆች ላፕቶፕ በሊኑክስ የሚሠራ ነበር፤ ስክሪኑ የኋላ መብራቱ ጠፍቶ በፀሐይ ብርሃን ይነበባል፣ ፕሮሰሰሩ ሲያንቀላፋም ገጹ እንደበራ ይቆያል። ለመብራት እጥረት ታስቦ የተሠራ ማሽን ከተባለ ይህ ነው።

ሊቲየም አዮን ባትሪ መቶ በመቶ ሞልቶ በሙቀት ሲቆይ ቶሎ ስለሚያረጅ፣ ቲ.ኤል.ፒ.ን የመሰሉ የሊኑክስ ፕሮግራሞች አምራቹ በፈቀደባቸው ላፕቶፖች ቻርጁን 80 በመቶ ላይ ማቆም ያስችላሉ። ይህ ገደብ የሚበጀው መብራት በማይቋረጥበት ስፍራ ነው፤ የሀዋሳ ተጠቃሚ ግን በደኅናው ጊዜ ገደቡን ጠብቆ፣ ፈረቃ ሲታወጅ ወደ 100 ከፍ ማድረግ ይገባዋል።