ባለ ሁለት ደረጃ ሐዲድ ተሸካሚዎች
ተንቀሳቃሽ የሞዴል ባቡር መደብ፣ ኤች ኦ መጠን (1፡87)
ኮምፔንሳቶ፣ ጣውላ፣ ብሎንና ዳዶ

በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። ዳገቱን የተሸከሙት እንጨቶች በየ25 ሴንቲ ሜትሩ ቆመዋል፤ ከመነሻው አካባቢ በቀር እያንዳንዱ ከፊተኛው በ5 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ይህ የ2 በመቶ ዳገት ነው፤ 10 ሴንቲ ሜትር ለመውጣት ቢያንስ 5 ሜትር ሐዲድ ይፈጃል። ዳገቱ ቢከር ብዙ ፉርጎ የሚጎትት ሎኮሞቲቭ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። መነሻው ላይ ጭማሪው ያነሰው፣ ድንገተኛ ስብራት የፉርጎዎቹን ማያያዣ ስለሚያላቅቅ ነው።

መደቡ ለጉዞ ሲፈታ የሚለያይበትን መገጣጠሚያ ልብ ይበሉ። በግራና በቀኙ አንድ አንድ ተሸካሚ ተጠግቶ ቆሟል፤ ሐዲዱ እዚህ ላይ በ1 ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ ባቡሩ ከመስመር ሊወጣ ይችላል። ክፍሎቹን አጥብቆ የሚያስረው ብሎኑ ነው፤ ልክ የሚያስይዛቸው ግን በቀዳዳው ጥብቅ ብሎ የገባው የእንጨት ካስማ ነው።