መሬትና የምርጫ ፖለቲካ በምሥራቅ አዲስ አበባ

የአዲስ አበባን የምርጫ ፖለቲካ ከከፋፈሉት የአስተሳሰብ ልዩነቶች አንዱ «መሬት የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ከቦሌ እስከ ገርጂና አያት ያለው የከተማዋ ምሥራቃዊ ክፍል የዚህ ክርክር አሻራ በጉልህ ይታይበታል።

ወታደራዊው መንግሥት ደርግ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ያወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ከተወረሱት ቤቶች ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ኢሕአዴግ ደርግን ቢጥልም የመሬት ፖሊሲውን መሠረት አልነካም። በ1986 የከተማ ቦታን በሊዝ መስጠት ጀመረ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም አለ።

በ1997ቱ ምርጫ ዋዜማ ገዢው ኢሕአዴግና ተቃዋሚው ቅንጅት በዚሁ የመሬት ጥያቄ ላይ በቴሌቪዥን ተከራከሩ። በአብዮታዊ ዴሞክራሲ የሚመራው ኢሕአዴግ፣ መሬት ለገበያ ከቀረበ ችግር የጠናበት ገበሬ ሸጦ ይፈናቀላል፣ መሬቱም በጥቂት ባለሀብቶች እጅ ይወድቃል አለ። ወደ ሊበራል አስተሳሰብ ያዘነበለው ቅንጅት በበኩሉ፣ ይዞታው በሹም ፈቃድ ላይ የቆመ ዜጋ ነፃ ሊሆን አይችልም ሲል ተከራከረ። በአርከበ ዕቁባይ ይመራ የነበረው የከተማ አስተዳደር ደግሞ የኮንዶሚኒየም ሙከራውን በቦሌ ገርጂ ጀምሮ ነበር፤ ነዋሪው የቤቱ ባለቤት ይሆናል፣ ቦታው ግን የመንግሥት እንደሆነ ይቀራል።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ መቀመጫዎች በሙሉ፣ ከ138 የከተማው ምክር ቤት መቀመጫዎችም 137ቱን አሸነፈ። ሆኖም በውጤቱ ላይ የተነሣው ውዝግብ ወደ ደም መፋሰስ አመራ፤ የቅንጅት መሪዎችም ታሰሩ፤ ፓርቲው ከተማዋን ሳያስተዳድር ቀረ። በሥልጣን የቀጠለው ኢሕአዴግ በ2004 ያወጣው አዋጅ ቁጥር 721 የሊዝን ሥርዓት ይበልጥ አጠበቀ።

ከ2010 በኋላ ሦስተኛ አቋም ጎልቶ ወጣ፤ መሬትን የብሔር መብት አድርጎ የሚያየው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ ልዩ ጥቅም እንዳላት መደንገጉ የዚህ አቋም ሕጋዊ መነሻ ነው። በ2011 የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ፣ መሬቱ የኦሮሚያ ነው በሚል በክልሉ ተቃውሞ ተቀሰቀሰ። በዜግነት ፖለቲካ የተደራጀው ተቃዋሚ ፓርቲ ኢዜማ ደግሞ በ2012 መጨረሻ በከተማዋ የመሬት ወረራና የኮንዶሚኒየም ዕደላ ላይ ያካሄደውን ጥናት ይፋ አደረገ። በ2013ቱ ምርጫ ኢሕአዴግን የተካው ብልጽግና ፓርቲ ከተማዋን በሰፊ ልዩነት ቢያሸንፍም አንቀጽ 40 አልተለወጠም።