ኦቲዝም

ቃሉ «ራስ» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው፤ የሕፃናት የአእምሮ ሐኪሙ ሊዮ ካነር በ1943 እ.ኤ.አ. ከሰው ጋር መግባባት የሚያስቸግራቸውን ሕፃናት ለመግለጽ ተጠቀመበት። ስያሜው ግን ልጁ ሰው የማይፈልግ ያስመስላል፤ ይህ ልክ አይደለም። የአንጎል ምስል ጥናቶች እንደሚያመለክቱት፣ የሰውን ፊት፣ ድምፅና ሐሳብ ለመረዳት የሚተባበሩት የአንጎል ክፍሎች ግንኙነት ኦቲዝም ባላቸው ሰዎች የተለየ ነው፤ አንዱ ዘንድ ይላላል፣ ሌላው ዘንድ ይጠብቃል። የሚለየው እንግዲህ መግባቢያው መንገድ ነው፤ ፍቅሩማ አለ።

«ታዲያ በምስል ይለይ» የሚል ይኖራል። ልዩነቱ ከሰው ሰው ስለሚለያይ ግን ምርመራው ዛሬም የልጁን ጠባይና እድገት በማስተዋል ነው። የሚያስተውል ባለሙያ ግን ለሁሉም ቅርብ አይደለም፤ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት አዲስ አበባ ነው፤ በጎጃም ላሉት ለቡሬና ለፍኖተ ሰላም ገጠር ይህ ሩቅ ነው። ማስተዋል ትልቅ መሣሪያ ስለማይጠይቅ፣ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ምልክቱን ልትማር ይገባል፤ ልጁ «እርግማን ነው» ተብሎ ጓዳ ከመቅረቱ በፊት።