በትልልቅ ከተሞች የነፍስ ግድያ ለምን ይበዛል?

መጽሐፍ ቅዱስ የመጀመሪያውን ግድያ የሚተርክልን ከተማ ሳይቆረቆር፣ ሽጉጥም ሳይሠራ ነው (ዘፍ. 4)። ቃየንን ለወንድሙ ደም ያበቃው በልቡ ያደረው ቁጣ ነበር። ስለዚህ የችግሩ ሥር ኃጢአት መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን የሰው ልብ በሁሉም ስፍራ አንድ ከሆነ፣ ግድያ በአንዳንድ ከተማና በአንዳንድ ዘመን ለምን ይበዛል? የአሜሪካዋ የቦስተን ከተማ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ትምህርት ይሰጠናል።

1. አደንዛዥ ዕፅና የጦር መሣሪያ

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ክራክ የተባለው የኮኬይን ዓይነት በአሜሪካ ከተሞች ተስፋፋ። ተመራማሪው አልፍሬድ ብሉምስታይን እንዳስረዱት፣ ዕፁን በየመንገዱ የሚሸጡ ወጣቶች ራሳቸውን ለመጠበቅ ሽጉጥ ያዙ፤ የሰፈራቸው ልጆችም ፈርተው ታጠቁ። ቀድሞ በቡጢ ያልቅ የነበረው ጠብ በጥይት ማለቅ ጀመረ። በ1990 ቦስተን ውስጥ 152 ሰዎች ተገደሉ።

2. በቀል

ዕፁ መሣሪያውን ቢያመጣም ግድያውን ያራዘመው ቂም ነው። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች እንዳገኙት፣ ቢያንስ 60 ከመቶ የሚሆነው የወጣቶች ግድያ ከወሮበላ ቡድኖች ጋር የተያያዘ ነበር። የቡድኖቹ አባላት ግን 1,300 ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ ከከተማይቱ ወጣቶች ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። አብዛኛው ጠባቸውም የቆየ ደም መመላለስ እንጂ የንግድ አልነበረም።

3. አለመተማመን

በ1989 አንድ ባል ነፍሰ ጡር ሚስቱን ገድሎ «ጥቁር ሰው ተኮሰብን» ብሎ ዋሸ። ፖሊስም ሚሽን ሂል በተባለው ሰፈር ጥቁር ወጣቶችን እያስቆመ ፈተሸ። የከተማይቱ ከንቲባ ስለዚህ በደል ይቅርታ የጠየቁት በ2023 ነው። ሕዝብ በሕግ አስከባሪ ላይ እምነት ሲያጣ ምስክር ዝም ይላል፤ የተበደለውም ፍርዱን በገዛ እጁ ይፈልጋል።

4. የቤተ ክርስቲያን ከጎዳናው መራቅ

በ1992 በሞርኒንግ ስታር ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የአንድ ወጣት ቀብር ጸሎት ሲደረግ፣ ወጣቶች ሌላውን ወጣት በለቀስተኛው ፊት ደብድበው በስለት ወጉት። ወደ ጎዳናው ያልወጣችውን ቤተ ክርስቲያን ጎዳናው ራሱ መጣባት። ከዚያ በኋላ ዩጂን ሪቨርስን፣ ጄፍሪ ብራውንንና ሬይ ሃሞንድን የመሳሰሉ አገልጋዮች «የአሥር ነጥብ ኅብረት»ን መሠረቱ። በሌሊት በየሰፈሩ እየዞሩ ወጣቶቹን አዳመጡ፤ በእነርሱና በፖሊስ መካከልም ሽማግሌ ሆኑ።

በ1996 ፖሊስ፣ የአመክሮ ሠራተኞችና አገልጋዮች ቡድኖቹን ፊት ለፊት ጠርተው ሁለት ነገር ነገሯቸው፦ ግድያ ከቀጠለ ሕግ በቡድኑ ሁሉ ላይ ይበረታል፤ መውጣት የሚፈልግ ግን ሥራና እርዳታ ያገኛል። በ1999 የተገደሉት 31 ነበሩ። በዚያው ዘመን ወንጀል በሌሎች ከተሞችም ስለቀነሰ ለውጡን ሁሉ ለአንድ ጥረት መስጠት አይገባም። ሆኖም ከ2000 ጀምሮ ትብብሩ ሲላላ ግድያው እንደገና መጨመሩ ብዙ ይናገራል።

ለእኛ የሚሆነው ትምህርት

ወገኖች ሆይ፣ ኃጢአት ሥር ነው ማለት ስለ መሣሪያ፣ ስለ ዕፅና ስለ ፍትሕ አያገባንም ማለት አይደለም። ስለ ከተማችን በጥቅሉ ብቻ አንጸልይ፤ በአደጋ ላይ ያሉት ልጆች ጥቂቶች ናቸውና በስማቸው እንወቃቸው። ልጁ የተገደለበትን ቤተሰብ ከቀብር በኋላም እንጎብኝ፤ የሚቀጥለው ደም ብዙ ጊዜ የሚጠነሰሰው በዚያ ኀዘን ውስጥ ነው። በቀል የእግዚአብሔር መሆኑን (ሮሜ 12፥19) ለቆሰለ ወጣት መናገር የሚችለው፣ አስቀድሞ አብሮት የተቀመጠ ሰው ነው። ጌታ ለዚህ አገልግሎት ያስነሣን።