መዝገብ ያዡ ጳጳስ

ሐምሌ 26 ቀን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያውን ጳጳሷን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ታስባለች። ዕለቱ እዚህ ኢተያ ላይ የሚውለው በክረምቱ መካከል፣ የስንዴው ማሳ አረንጓዴ በለበሰበት ሰሞን ነው። የቅዱሱ የቀድሞ ስም ፍሬምናጦስ እንደሆነ ብዙዎቻችን እናውቃለን፤ ስሙ በላቲን እህልን፣ ይልቁንም ስንዴን ከሚያመለክተው ቃል ጋር ሥሩ አንድ መሆኑ ግን እምብዛም አይነገርም።

ታሪኩን በ402 እ.ኤ.አ. ገደማ የጻፈልን ሩፊኖስ ነው። የሰማሁትም ከኤዴስዮስ ከራሱ አንደበት ነው ይላል። ኤዴስዮስና ፍሬምናጦስ ሜሮጵዮስ ከተባለ የጢሮስ ፈላስፋ ጋር ሲጓዙ መርከባቸው ስንቅና ውኃ ፍለጋ ወደብ ነካች፤ የአገሩ ሰዎችም ተሳፋሪዎቹን ፈጇቸው። ሁለቱ ልጆች ከዛፍ ሥር ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኝተው ለንጉሡ ተሰጡ። ንጉሡ ኤዴስዮስን አሳላፊ አደረገው፤ ፍሬምናጦስን ግን ሒሳቡንና ደብዳቤዎቹን አስያዘው። የባንክ ሠራተኛ ነኝና እዚህች ላይ ስደርስ ንባቤን ገታ አደርጋለሁ። ለካስ ክርስትናን በአክሱም ያጸና ሰው አስቀድሞ መዝገብ ያዥ ኖሯል! በሹመቱም ተጠቅሞ ከሮም ግዛት የሚመጡ ክርስቲያን ነጋዴዎችን እያፈላለገ የጸሎት ቦታ ያሰናዳላቸው ነበር።

ንጉሡ ሞቶ ልጁ ለአቅመ መንግሥት ሲደርስ ሁለቱም ተሰናበቱ። ኤዴስዮስ ወደ ጢሮስ አቀና። ፍሬምናጦስ እስክንድርያ ወርዶ ለዚያች አገር ጳጳስ ይላክላት ብሎ ቢለምን፣ አትናቴዎስ እርሱኑ ቀብቶ መለሰው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የአባ ሰላማ ስም የተጻፈበት ቀዳሚው ሰነድ የወዳጅ እጅ አለመሆኑ ነው። በ356 እ.ኤ.አ. ገደማ ቄሣር ቆንስጣንጢዮስ ለዒዛናና ለሳይዛና በጻፈው ደብዳቤ፣ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተልከው በአርዮሳዊው ጳጳስ በጊዮርጊስ ፊት እምነታቸው እንዲመረመር አሳሰበ። አትናቴዎስ ደብዳቤውን በመከላከያ ጽሑፉ ውስጥ ገልብጦ ባያኖረው ኖሮ ይህን ምስክር ባጣን ነበር። ሊሽራቸው የፈለገ ንጉሥ ሳያስበው ጳጳስነታቸውን አተመላቸው። ሌላው ምስክር ገንዘብ ነው፦ የዒዛና ሳንቲሞች ቀድሞ ጨረቃና ክብ ነበረባቸው፤ በኋላ በስፍራው መስቀል ገባ።

ሕዝቡ ግን በሳንቲምም በቄሣር ደብዳቤም አላስታወሳቸውም፤ ብርሃን ገላጭ ብሎ ጠራቸው፣ በስንክሳርም አኖራቸው። በ14ኛው መቶ ዘመን የነበሩት «መተርጉም» የሚባሉት አባ ሰላማ ሌላ ናቸው፤ ሁለቱን የሚያቀላቅል ጽሑፍ አልፎ አልፎ ያጋጥመኛል።

መታሰቢያቸው ክርክርም አላጣው። በ16ኛው መቶ ዘመን የመጡት ኢየሱሳውያን ከዓድዋ አጠገብ ያለውን ሰፈራቸውን በእርሳቸው ስም ፍሬሞና አሉት፤ ቅዱሱን ወደ ሮም ለመሳብ ይመስለኛል። እዚህ ያሉት ደግሞ ክህነታቸውን ከአትናቴዎስ መቀበላቸውን ይዘው ከእስክንድርያ አልለይም አሉ። ኢትዮጵያዊው አቡነ ባስልዮስ በ1943 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳስ ሆነው እስኪሾሙ ድረስ ጳጳሳቱ ከግብፅ ይመጡ ነበር፤ የመጀመሪያው ግን ከጢሮስ ነበሩ።