ለሞት እድር አለን፤ ለቤትስ?

ቤት ገዝቶ የሚገባ ሰው ሐሳቡ ብዙ ነው። ቁልፍ ያስቀይራል፤ ቀለም ያስቀባል፤ እንደየእምነቱ ጠበል ያስረጫል ወይም ዱዓ ያስደርጋል። ገና ዕቃው ከካርቶን ሳይወጣ ደግሞ "የዚህ ሰፈር እድር ሊቀ መንበር ማን ናቸው?" ብሎ ይጠይቃል። መመዝገቢያውን ከፍሎ ስሙ መዝገብ ላይ ሲሰፍር እፎይ ይላል። ሰው አለኝ ማለት ነዋ! "ቤቱንስ መድን አስገባኸው?" ብትሉት ግን "ባንኩ የሆነ ነገር አስከፍሎኛል መሰለኝ" ይላችኋል። ለምን እንደከፈለ፣ እግዜር አያድርገውና ቤቱ ቢቃጠል ገንዘቡ ለማን እንደሚሰጥ የሚያውቀው ጥቂቱ ነው።

ይህን አይቶ "የኛ ሰው ነገን አያስብም" ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። እኔ ግን አይመስለኝም። ነገን የማያስብ ሰው ዕድሜ ልኩን በየወሩ ለእድር አይከፍልም። የቤት መድን ያልለመድነው ታሪካችን ስላላስለመደን ነው። ነገሩ በደንብ እንዲገባን መጀመሪያ የቤት መድን ወደተወለደበት ከተማ፣ ወደ ለንደን፣ ጎራ እንበል።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2 ቀን 1666 ሌሊት፣ ለንደን ውስጥ ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ ቤት እሳት ተነሣ። ከተማው በአብዛኛው የእንጨት ነበርና እሳቱ አራት ቀን ነደደ። ሲበርድ 13,200 ያህል ቤቶች፣ 87 አብያተ ክርስቲያናትና ታላቁ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አመድ ሆነው ነበር። ከእሳቱ በኋላ የመጣው ጣጣም ቀላል አልነበረም። ብዙው የለንደን ነዋሪ ተከራይ ነው። ብዙዎቹ የኪራይ ውሎች ደግሞ ቤቱን የማደስ ግዴታ የጣሉት በተከራዩ ላይ ነበር፤ ቤቱ ቢቃጠልም ኪራዩ አይቆምም። ሰውዬው ቤት የለውም፤ የቤት ኪራይ ግን አለበት! በ1667 ይህንኑ ክርክር ብቻ የሚያይ ልዩ ፍርድ ቤት ተቋቋመ። ዳኞቹ ባለቤቱንና ተከራዩን ፊት ለፊት እያስቀመጡ፣ መልሶ ለሚሠራው ኪራይ እየቀነሱ ወይም የውሉን ዘመን እያስረዘሙ ጉዳቱን አከፋፈሉ።

በዚህ መሀል ኒኮላስ ባርቦን የሚባል ሰው ብቅ አለ። በትምህርቱ ሐኪም ነው፤ ግን ሕክምናውን ትቶ ቤት እየሠራ መሸጥ ጀመረ፤ በዛሬው አነጋገር ሪል እስቴት መሆኑ ነው። ይህ ሰው ከ1680 ገደማ ጀምሮ ቤት ከእሳት የሚያስዋስስ ቢሮ ከፈተ። ዋጋው ግልጽ ነበር፤ ለጡብ ቤት የዓመት ኪራዩን 2.5 በመቶ፣ ለእንጨት ቤት 5 በመቶ። እንጨት ቶሎ ይነዳልና እጥፍ ይክፈል ነው ነገሩ። መድን ሰጪዎቹ የራሳቸውን እሳት አጥፊዎች ቀጠሩ፤ ደንበኛቸው በሆነ ቤት ግድግዳ ላይም የእርሳስ ምልክት ለጠፉ። ምልክት የሌለው ቤት ሲነድ እጃቸውን አጣጥፈው ያዩት ነበር የሚባለው ግን የተጋነነ ወሬ ነው፤ እሳት ካየው ምን ለየው፣ የጎረቤት እሳት ወደ ደንበኛው ቤት መዝለሉ አይቀርምና።

ለኛ የሚገርመን ግን ሌላው ነው። በ1696 "እጅ ለእጅ" የሚል ስም የያዘ ማኅበር ለንደን ውስጥ ተቋቋመ። ባለቤቶቹ ራሳቸው አባላቱ ናቸው። ሁሉም ያዋጣል፤ የአንዱ ቤት ሲቃጠል ከተዋጣው ይሠራለታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ! ይህ ከእድር በምን ይለያል? በአንድ ነገር ብቻ። የእኛ እድር ሰው ሲሞት ይደርሳል፤ የእነሱ ደግሞ ቤት ሲቃጠል ይደርስ ነበር።

ይህን ሁሉ የለንደን ወሬ ያመጣሁት በከንቱ አይደለም። የለንደን ሰው መድን የገባው ከኛ የበለጠ አስተዋይ ስለሆነ አልነበረም። ቤቱ ሲቃጠል ኪሳራው በማን ራስ ላይ እንደሚወድቅ እሳቱና ፍርድ ቤቱ ስላሳዩት ነው። እንግዲህ ጥያቄውን ወደ ራሳችን እናምጣው። በኛ አገር ቤት ሲወድም ኪሳራው የማን ነበር?

በገጠሩ የመንደሩ ነበር። ጎጆ ሲቃጠል አንዱ ማገር፣ ሌላው ወራጅ፣ ሌላው ሣር ይዞ ይመጣል፤ ጭቃው በደቦ ይቦካል፤ ባለቤቱ የቻለውን ጠላና ንፍሮ ያቀርባል፤ ጎጆው ይቆማል። መድን ሰጪው ጎረቤት፣ አረቦኑ ጉልበት ነው። ትናንት አንተ ለሌላው ያቀበልከው ጭቃ ዛሬ ላንተ ይከፈላል። እቃው ከጫካና ከሜዳ የሚገኝ፣ ሙያውም ሁሉ የሚችለው ስለነበር ይህ ሥርዓት ይሠራ ነበር።

ከተማ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መሬቱ የተደለደለው ለመኳንንቱና ለሹማምንቱ ነው። ከየአገሩ የመጣው ሕዝብ በእነሱ ይዞታ ላይ አጥር ተጠግቶ፣ በኋላም ቤት ተከራይቶ ኖረ። ይህ ሰው ትልቁ ፍርሃቱ ምን ነበር? የቤት መቃጠል አይደለም፤ ቤቱ የሰው ነዋ! ፍርሃቱ ዘመድ በሌለበት አገር ሞቶ ቀባሪ ማጣት ነበር። እድር የከተማ ልጅ ሆኖ ያደገው ለዚህ ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ትልልቁ ድስት፣ ጡሩምባው፣ ሁሉም የተዘጋጀው ለቀብርና ለለቅሶ ነው። እድር በሌላው ችግርም የሚረዳበት ጊዜ አለ፤ የተቋቋመበት ጉዳይ ግን ሞት ነው። ሰውን አስዋሰ፤ ጣሪያን አላስዋሰም።

ዘመናዊው መድንስ? እሱማ ቀድሞ ገብቷል። በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ የውጭ መድን ድርጅት ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር መድን ይሸጥ ነበር። ገዢዎቹ ግን ነጋዴዎች ናቸው፤ በመጋዘን ያለውንና በመርከብ የሚመጣውን ሸቀጥ ያስዋስሱ ነበር። በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአገር ውስጥ መድን ድርጅት፣ ኢምፔሪያል ኢንሹራንስ፣ ተቋቋመ። የ1952ቱ የንግድ ሕግም ስለ መድን ውል በዝርዝር ደነገገ። ፋብሪካው፣ መኪናው፣ ሸቀጡ ሁሉ መድን ገባ። ተራው ሰው የሚኖርባት የጭቃ ቤት ግን ከነገሩ ውጪ ነበረች።

ከዚያ 1967 ዓ.ም. መጣ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ነገር ሆነ። በታኅሣሥ 23 የግል መድን ድርጅቶች ተወረሱ፤ በቀጣዩ ዓመት ተጠቃልለው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ሆኑ። በሐምሌ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተተወለት። ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች ተላለፉ። የአዋጁን ደግና ክፉ ለሌላ ቀን እንተወው። ለዛሬው ጉዳያችን ግን ያስከተለው ነገር አለ። የከተማው ሕዝብ ትልቅ ክፍል "ቤቱ የመንግሥት ነው" እያለ ሁለት ትውልድ ኖረ። ጣሪያው ቢያፈስ ቀበሌ ይጠግን፤ ቢወድቅም የቀበሌ ነው። የመንግሥትን ቤት ከኪሱ ከፍሎ የሚያስዋስስ ማን ሞኝ አለ?

በ1986 ዓ.ም. የግል መድን ኩባንያዎች እንደገና ተፈቀዱ። በ1990ዎቹ ማለቂያ ደግሞ ኮንዶሚኒየም መጣ፤ ባለቤትነቱንም አዋጅ ቁጥር 370/1995 ደነገገው። ትልቁ ለውጥ እዚህ ላይ ነው። በቀበሌ ቤት ያደገ መምህር፣ ነርስ፣ የቢሮ ሠራተኛ ዕጣ ደረሰውና በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ሆነ፤ ባለቤትና ባለዕዳ። አሁን ቤቱ ቢወድም ኪሳራው የመንደሩም፣ የባላባቱም፣ የቀበሌውም አይደለም። የራሱ ነው። ልክ እንደዚያ ለንደናዊ ቤት ሳይኖረው የቤት ዕዳ ሊኖርበት ይችላል። ልማዳችን ግን ገና ከቀበሌ ቤት አልወጣም።

ደቦውም ቢሆን እዚህ አያዋጣም። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት በጭቃና በማገር አይሠራም። ቤቱ የቆመው በሌሎች ቤቶች ጀርባ ላይ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ምጣድ ተረስቶ የተነሣ እሳት አራተኛውን ያጠቁረዋል፤ እሳቱን ለማጥፋት የተረጨው ውሃ የታችኛውን ያበሰብሰዋል። ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ምሰሶው የጋራ ነው። የኔን ብቻ ላድን ቢሉ አይቻልም።

"ባንኩ አስገብቶልኝ የለም እንዴ?" የሚል አይጠፋም። አዎ፣ በብድር ሲገዛ ባንኩ መድን ያስገባል። ግን ለማን ብሎ? ቤቱ ለብድሩ መያዣ ነው፤ ባንኩ የሚጠብቀው መያዣውን ነው። አረቦኑን የሚከፍለው ተበዳሪው ቢሆንም በውሉ ላይ ቀድሞ ካሳ ተቀባይ ሆኖ የሚጻፈው ባንኩ ነው። አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ የባንኩ ዕዳ ይነሣል፤ የተረፈ ካለ ለባለቤቱ። መድን የተገባው በብድሩ ልክ ብቻ ከሆነ ምን ይተርፋል? ከሁሉ የሚያሳዝነው መጨረሻው ነው። ዕዳው ያለቀ ዕለት ሰው ድግስ ደግሶ ካርታውን ይረከባል፤ ባንኩ መድን መጠየቁን ያቆማል፤ ባለቤቱም አያድሰውም። ቤቱ ሙሉ በሙሉ የሱ የሆነ ቀን ያለዋስ ይቀራል ማለት ነው!

ስለዚህ ወደ አዲስ ቤት የሚገባ ሰው የመድን ውሉን ቅጂ ተቀብሎ ማንበብ አለበት። ያገለገለ ቤት ለሚገዛ ደግሞ "ሻጩ ኢንሹራንስ ነበረው" ማለት አይበቃም፤ ውሉ በማን ስም እንደሆነ ማየት፣ ቁልፍ ከሚረከብበት ቀን ጀምሮም በራሱ ስም ማድረግ ነው።

ቀጥሎ የገንዘቡ ልክ። መድን የሚገባው ቤቱን መልሶ ለመሥራት በሚያስፈልገው ዋጋ ነው እንጂ በገበያ በተሸጠበት አይደለም። ገበያ ላይ የምንከፍለው ለሰፈሩም ጭምር ነው፤ ሰፈር ደግሞ አይቃጠልም። ከዋጋው በታች መግባትም ጉዳት አለው። ለመልሶ ግንባታ 4 ሚሊዮን ብር የሚፈልግን ቤት በ2 ሚሊዮን አስገብታችሁ የ1 ሚሊዮን ብር ጉዳት ቢደርስ፣ በመድን ውሎች ዘንድ በተለመደው ደንብ የምታገኙት ግማሹን፣ 500 ሺህ ብር ነው። ግማሹን ያስዋሰሳችሁት እናንተው ናችሁ ይላል ደንቡ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት በተገመተ ዋጋ እስከዛሬ የሚያድስ ሰው ካለ፣ የዛሬውን የብረትና የኤሌክትሪክ ዕቃ ዋጋ አስቦ እንደገና ያስገምት።

ሦስተኛው፣ ከምን አደጋ? መሠረታዊው ውል እሳትና መብረቅን ነው የሚሸፍነው። ጎርፍ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ሁከት ተጨማሪ ተከፍሎባቸው በስማቸው መግባት አለባቸው። "እኛ ጋ የለም" እንዳትሉ፤ በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥ ማጀቴን አውድሟታል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን ጎርፍ በሌሊት ጠርጓታል፤ በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ አካባቢ የተነሣው ንቅናቄ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለውን ሰው በሌሊት ከአልጋው አስነሥቶታል። የቤት ዕቃውም ራሱን ችሎ ካልተገባለት የሕንፃው መድን አይሸፍነውም። ቤቱን ለሱቅ ወይም ለዳቦ ቤት ማከራየት፣ ዘግቶ ለወራት መሄድም ለመድን ሰጪው መነገር አለበት። ይህን ደብቆ ካሳ መጠየቅ ለክርክር በር መክፈት ነው።

"ሁሉም በየግሉ ከየት አምጥቶ?" ትሉ ይሆናል። መልሱ እኮ በእጃችን ነው። በየኮንዶሚኒየሙ የነዋሪዎች ማኅበር አለ፤ ለጥበቃና ለጽዳት ያዋጣል። ያው ማኅበር ለሕንፃው በሙሉ አንድ መድን ቢገባና አረቦኑ ለየቤቱ ቢካፈል፣ የጋራ ደረጃውና ጣሪያውም ባለቤት ያገኛሉ። ማዋጣትን፣ መዝገብ መያዝን፣ ቀሪ መቅጣትን ማንም አያስተምረንም፤ እድር ዘመኑን ሁሉ ያሠለጠነን ለዚህ ነው። የቀረው ቀጣዩ የማኅበሩ ስብሰባ ላይ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ "ሕንፃችን ኢንሹራንስ አለው ወይ?" ብሎ መጠየቁ ነው።